የሚቅበዘበዝ ጠቋሚ፤ ስለ ገመድ አልባ ትራክፓድ ምርመራ

የኮምፒዩተር ጠቋሚ ቀስት ተግባሩ ጣት ወደ መራው አቅጣጫ መሄድ ነው። ዳሩ ግን አንዳንድ ቀን ወደ ቀኝ ሲመሩት ወደ ላይ ይዘላል፤ ቁም ሲሉት ይንቀጠቀጣል፤ ወይም ማንም ሳይነካው ብቻውን በስክሪኑ ላይ ይንከራተታል። በዚህ ጊዜ ብዙ ሰው ከሦስት ነገሮች አንዱን ያደርጋል። ወይ ትራክፓዱን በመዳፉ ይመታዋል፤ ወይ «ቫይረስ ገብቶበታል» ብሎ ይፈርዳል፤ ወይ አዲስ ለመግዛት ዋጋ ይጠይቃል። ከሦስቱ አንዱም ምርመራ አይደለም።

ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ለትምህርት ጓደኞቼና ለወላጆች ለማስረዳት የምሞክረው ሁለት ነገር ነው። መጀመሪያ፥ ጠቋሚው የሚቅበዘበዝበት አኳኋን ራሱ ሕመሙ በየት በኩል እንዳለ የሚናገር መሆኑን ነው። ሁለተኛም፥ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ እየለወጠ የሚመረምር ሰው፥ ከሚያስተውል ዓይንና ከአንድ ደብተር በቀር ብዙ መሣሪያ ሳያስፈልገው ምክንያቱን ሊደርስበት መቻሉን ነው። ይህም ለኮምፒዩተር ብቻ የሚጠቅም ትምህርት አይመስለኝም።

ትራክፓድ ምንድን ነው?

ትራክፓድ በማውስ ፈንታ በጣት እየዳሰስን ጠቋሚውን የምንመራበት ጠፍጣፋ ሰሌዳ ነው። ማውስ በጠረጴዛ ላይ ሲንሸራሸር ራሱ ይንቀሳቀሳል፤ ትራክፓድ ግን በቦታው ተቀምጦ የሚንቀሳቀሰው ጣታችን ነው። አሜሪካዊው ዳግላስ ኤንግልባርት ማውስን በሕዝብ ፊት ያሳየው እ.ኤ.አ. በ1968 ነበር። አፕል የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1994 ፓወርቡክ 500 በተባሉት ተንቀሳቃሽ ኮምፒዩተሮቹ ላይ ትራክፓድ ገጠመ፤ እ.ኤ.አ. በ2010 ደግሞ ለብቻው ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ገመድ አልባ ትራክፓድ አወጣ። ያ የመጀመሪያው በሁለት የባትሪ ድንጋይ ይሠራ ነበር፤ በ2015 የተከተለው ግን ውስጡ ባለው፥ ቻርጅ በሚደረግ ባትሪ የሚሠራ ሆነ። ዛሬ የዚህ ዓይነት ሰሌዳ የሚሠሩ ኩባንያዎች ብዙዎች ናቸው፤ የአሠራራቸው ሥርዓት ግን ተቀራራቢ ነው።

ሰሌዳው ጣታችንን እንዴት ያውቃል? ከፊቱ መስተዋት ወይም ፕላስቲክ ሥር ቀጫጭን የኤሌክትሪክ መሥመሮች እንደ ወንፊት ክር አግድምና ቁልቁል ተዘርግተዋል። በነዚህ መሥመሮች መካከል ጥቂት የኤሌክትሪክ ሙል ይቀመጣል። የሰው አካል ኤሌክትሪክ አስተላላፊ ስለ ሆነ፥ ጣታችን ወደ መሥመሮቹ በቀረበ ጊዜ ሙሉን በጥቂቱ ይለውጠዋል። ሰሌዳው ይህን ለውጥ በሴኮንድ ውስጥ ብዙ ጊዜ እየለካ ጣቱ በየትኞቹ መሥመሮች መገናኛ ላይ እንዳለ ያሰላል። ለውጡ እጅግ አነስተኛ ነው፤ የሚለካውም በፒኮፋራድና በፒኮፋራድ ክፍልፋይ ነው። አንድ ፒኮፋራድ ማለት አንድ ፋራድ ለአንድ ትሪሊዮን ቢከፈል የሚደርሰው አንዱ እጅ ነው። ወፍራም የሱፍ ጓንት አድርገን ሰሌዳውን ብንዳስሰው የማይታዘዘን በዚህ ምክንያት ነው፤ የሚለካው የጣትን ግፊት ሳይሆን ጣት ያመጣውን የኤሌክትሪክ ለውጥ ነውና።

ከጣት እስከ ቀስት ያለው መንገድ

ሰሌዳው ያሰላውን በራዲዮ ሞገድ ወደ ኮምፒዩተሩ ይልካል፤ ኮምፒዩተሩም ተቀብሎ ቀስቱን ያንቀሳቅሳል። ይህን ጉዞ በደብዳቤ ልንመስለው እንችላለን። ጣት ጸሐፊው ነው፤ የሰሌዳው ፊት ወረቀቱ ነው፤ ባትሪው የመልእክተኛው ስንቅ ነው፤ አየሩ መንገዱ ነው፤ ኮምፒዩተሩም ደብዳቤውን ተቀብሎ የሚያነበው ነው። ደብዳቤው ተበላሽቶ ቢደርስ ወይም ጨርሶ ባይደርስ፥ ጥፋቱ ከአምስቱ በየትኛው እንደ ሆነ ሳይጣራ መልእክተኛውን መቅጣት ፍርደ ገምድልነት ነው። የኛም ሥራ አምስቱን በሮች በተራ ማንኳኳት ነው።

ምልክቱን መመልከት

ሐኪም መድኃኒት ከማዘዙ በፊት «የት ያምሃል? መቼስ ይብስብሃል?» ብሎ እንደሚጠይቅ፥ እኛም ከመነካካታችን በፊት ለጥቂት ደቂቃ ጠቋሚውን ዝም ብለን እንመልከተው። የሚከተሉት ምልክቶች ይመሩናል።

1ኛ/ ጣት በአንድ ስፍራ ቆሞ ሳለ ጠቋሚው ባለበት የሚንቀጠቀጥ ከሆነ፥ አስቀድመን ጣትንና የሰሌዳውን ፊት፥ ሰሌዳው ቻርጅ በመደረግ ላይ ከሆነም ቻርጀሩን እንጠርጥር።

2ኛ/ ጠቋሚው ለጊዜው ደርቆ ቆይቶ ድንገት ሩቅ የሚዘል ከሆነ፥ መልእክቱ በመንገድ እየጠፋ ወይም እየዘገየ መሆኑ ነውና ባትሪውንና አየሩን እንመርምር።

3ኛ/ ማንም ሳይነካው ብቻውን የሚሄድ ከሆነ፥ በሰሌዳው ላይ የውሃ ጠብታ መኖር አለመኖሩን፥ የእጅ አንጓ ወይም የእጅጌ ቁልፍ ተደግፎበት እንደ ሆነ፥ ወይም ከዚያው ኮምፒዩተር ጋር የተገናኘ ሌላ ማውስ በቦርሳ ውስጥ እንዳለ እንይ።

4ኛ/ ሳይዘልና ሳይንቀጠቀጥ ሁልጊዜ ከልክ በላይ የሚፈጥን ወይም የሚዘገይ ከሆነ፥ ይህ ሕመም አይደለም፤ በሴቲንግ ውስጥ ያለው የፍጥነት ልክ ነው።

5ኛ/ ከጠቋሚው ጋር የምንጽፈው ፊደልና የምንሰማው ድምፅ ሁሉ አብሮ የሚንቀራፈፍ ከሆነ፥ ኮምፒዩተሩ ራሱ ሥራ በዝቶበታል።

እነዚህ ምልክቶች ጥቆማ እንጂ ፍርድ አይደሉም። ፍርዱን የሚሰጠው ቀጥሎ የምናደርገው ሙከራ ነው።

የመጀመሪያውና የሁለተኛው በር፤ ጣትና የሰሌዳው ፊት

ከሁሉ የሚቀለውንና ገንዘብ የማያስወጣውን ማስቀደም ተገቢ ነው። ምሳ በልቶ እጁን ታጥቦ ሳያደርቅ ሰሌዳውን የሚነካ ሰው በየመሥመሩ ላይ ውሃ ይተዋል። ውሃ፥ በተለይም ላብና ጨው ያለበት ውሃ፥ ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ ሰሌዳው አንዱን ጣት እንደ ሁለት ሊቈጥረው፥ ወይም ጣት የሌለበትን ስፍራ ጣት አለበት ሊል ይችላል። የእጅ ቅባትና የምግብ ወዝም በፊቱ ላይ ሲጋገር ዳሰሳውን ያዛባል። ስለዚህ እጅን ታጥቦ በደንብ ማድረቅ፥ ሰሌዳውን ማጥፋት፥ ፊቱን ክር በማይለቅና በጥቂቱ ብቻ በረጠበ ለስላሳ ጨርቅ መጥረግ፥ ከዚያም በደረቅ ጨርቅ ማድረቅ ይገባል። ውሃ በቀጥታ ማፍሰስ ወይም በሻካራ ነገር መፈግፈግ ግን ክልክል ነው። ቀለበትና አምባር ያላደረገ እጅ፥ ሰሌዳውን የማይደገፍ አንጓ፥ የማይንገዳገድ ጠረጴዛም የዚሁ ምርመራ ክፍሎች ናቸው።

በዚህ በር ላይ ብዙ ሰው የማይጠረጥረው ቻርጀርን ነው። አንዳንድ ቻርጀር፥ በተለይም አሠራሩ ያልተጠነቀቀ ከሆነ፥ የማያስፈልግ የኤሌክትሪክ ሁከት በገመዱ በኩል ወደ መሣሪያው ያስገባል። በአገራችን ሶኬቶች የምናገኘው ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ነው፤ ሰሌዳው የሚለካው ለውጥ ግን ከላይ እንደ ተናገርሁት ኢምንት ነው። ስለዚህ ትንሽ ሁከት እንኳ ከጣት ምልክት ጋር ሊደባለቅ ይችላል። ሶኬቱ ኤሌክትሪክ ሠራተኞች «ግራውንድ» የሚሉት የመሬት ሽቦ ከሌለው ነገሩ ሊብስ ይችላል፤ ሁከቱ ወደ መሬት የሚሄድበት መንገድ ያጣልና። ሙከራው ቀላል ነው። ሰሌዳው ቻርጅ እየተደረገ ሳለ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ስፒናውን ከሶኬቱ እንንቀል። መንቀጥቀጡ ወዲያው ቢቆም፥ መልሰንም ስንሰካው ቢመለስ፥ ጥፋቱ የሰሌዳው እንዳልሆነ ታወቀ።

ሦስተኛው በር፤ ባትሪው

ራዲዮ ሞገድ ማሰራጨት በየጊዜው ብልጭ ድርግም የሚል የኤሌክትሪክ ኀይል ይጠይቃል። የደከመ ባትሪ ሲያርፍ ደኅና መስሎ ይታያል፤ በሚላክበት ቅጽበት ግን ቮልቱ ይወርድና መልእክቱ ይቋረጣል። አቀበት ላይ የሚደክም በቅሎ በሜዳ ላይ ሲሄድ ደካማነቱ እንደማይታወቅ ማለት ነው። ስለዚህ ኮምፒዩተሩ የሚያሳየውን የባትሪ መጠን ማየት፥ ዝቅ ብሎ ከሆነ እስኪሞላ ቻርጅ ማድረግ ያስፈልጋል። በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ከሆነ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ እንለውጣቸው፤ አዲስ ከአሮጌ፥ አንዱን ዓይነት ከሌላው ዓይነት ማደባለቅ አይገባም። አዲስ የአልካላይን ድንጋይ 1.5 ቮልት ሲኖረው፥ ቻርጅ የሚደረገው የኒኬል ዓይነት 1.2 ቮልት ያህል ነው። ባትሪው የሚቀመጥበት ጒድጓድ ጫፉ ላይ ዝገት ወይም ነጭ ብናኝ ካለ ደግሞ ድንጋዮቹን አውጥቶ በደረቅ ጨርቅ መጥረግ ይጠቅማል።

ሁለት ቦታ የሚከፍል ሙከራ

እስካሁን ምክንያቱ ካልተገኘ፥ የቀረውን መንገድ ከመካከል ከፍሎ የሚያሳይ አንድ መልካም ሙከራ አለ። ይኸውም ሰሌዳውን በገመዱ ከኮምፒዩተሩ ጋር ማገናኘት ነው። አንዳንድ ሰሌዳ ገመድ በተሰካለት ጊዜ መልእክቱን በገመዱ በኩል ይልካል፤ አንዳንዱ ግን በገመዱ ቻርጅ ብቻ እየተደረገ መልእክቱን በአየር መላኩን ይቀጥላል። የትኛው እንደ ሆነ ለማወቅ፥ ገመዱ እንደ ተሰካ የኮምፒዩተሩን ብሉቱዝ እናጥፋ። ጠቋሚው አሁንም ከታዘዘ በገመድ እየሠራ ነው። ይህን ስናደርግ ግን ብሉቱዙን መልሰን የምናበራበት ሌላ ባለ ገመድ ማውስ በአጠገባችን ይኑር።

እንግዲህ በገመድ ሲሠራ መዝለሉ ከቀረ፥ ጣቱም የሰሌዳው ፊትም ኮምፒዩተሩም ነጻ ናቸው፤ የሚቀረው አየሩና ባትሪው ነው። በገመድም ሆኖ መዝለሉን ካልተወ ደግሞ አየሩ ነጻ ነው። ሌላም እኩያ ሙከራ አለ። ባለ ገመድ ማውስ በዚያው ኮምፒዩተር ላይ እንሰካ፤ እሱም ከዘለለ ጥፋቱ የኮምፒዩተሩ ነው። ሰሌዳውን ወደ ሌላ ኮምፒዩተር እንውሰድ፤ በዚያም ከዘለለ ጥፋቱ ከሰሌዳው ጋር ተጒዟል ማለት ነው።

አራተኛው በር፤ አየሩ

ብዙው ገመድ አልባ ትራክፓድ የሚናገረው ብሉቱዝ በተባለው የራዲዮ ሥርዓት ነው። ስሙ የተወሰደው በ10ኛው መቶ ዘመን ከነበረው ከዴንማርኩ ንጉሥ ከሐራልድ ቅጽል ስም ነው። ብሉቱዝ የሚሠራው በ2402 እና በ2480 ሜጋኸርዝ መካከል ነው። ችግሩም ይህ ስፍራ የብሉቱዝ ብቻ አለመሆኑ ነው። ዋይፋይ፥ ብዙ ገመድ አልባ ማውስና ኪቦርድ፥ በ2450 ሜጋኸርዝ አካባቢ የሚሠራው የወጥ ቤት ማይክሮዌቭም ሁሉ በዚሁ ሰፈር ይኖራሉ። ነገሩ በሠርግ ድንኳን ውስጥ በጆሮ እንደ ማንሾካሾክ ነው፤ ተናጋሪው ደኅና ቢናገር፥ ሰሚውም ደኅና ቢሰማ፥ ከበሮው ሲመታ ቃል ይጠፋል።

የብሉቱዝ ሊቃውንት ይህን አስቀድመው አስበውበታል። የቀድሞው የብሉቱዝ ዓይነት ስፍራውን 79 ቦታ ከፍሎ በሴኮንድ እስከ 1600 ጊዜ ከአንዱ ወደ ሌላው ይዘላል፤ እ.ኤ.አ. በ2003 ከወጣው ከ1.2 ሥርዓት ጀምሮም ጫጫታ የበዛባቸውን ቦታዎች እየለየ ይተዋቸዋል። ኀይል ቆጣቢው አዲሱ ዓይነት ደግሞ 40 ቦታ ከፍሎ ይጠቀማል። ስለዚህ አንድ የዋይፋይ ሣጥን ብቻውን ብዙ ጊዜ አይጎዳም። የሚጎዳው ጫጫታው መላውን ሰፈር ሲሞላው ነው።

ሰፈሩን ከሚሞሉት አንዱ፥ ብዙ ሰው የራዲዮ ነገር መሆኑን የማያውቀው፥ ዩኤስቢ 3.0 የተባለው የገመድ ሥርዓት ነው። ይህ ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ2008 ወጣ፤ በሴኮንድም እስከ 5 ቢሊዮን ቢት ያስተላልፋል። ኢንቴል የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣው ጥናት እንደ ገለጠው፥ ይህ ፈጣን ምልክት ከመሰኪያው፥ ከገመዱና ከመሣሪያው እየሾለከ በ2.4 ጊጋኸርዝ ሰፈር ላይ ሁከት ያሰራጫል። መሸፈኛው ያልተጠነቀቀ ሃርድ ዲስክ ወይም ገመድ ከኮምፒዩተሩ የብሉቱዝ አንቴና አጠገብ ቢሰካ፥ ሩቅ ካለ ማይክሮዌቭ ይልቅ ሊጎዳ ይችላል፤ ቅርብ ነውና።

ከዚህም በቀር ውሃ ይህን ሞገድ ይመጥጣል፤ ብረትም ይመልሰዋል። በሰሌዳውና በኮምፒዩተሩ መካከል የቆመ ሰው፥ የብረት መሳቢያ ወይም የብረት ጠረጴዛ መልእክቱን ሊያደክም ይችላል። በዚህ በር የሚደረገው ሙከራም ይህ ነው፤ ሰሌዳውን ከኮምፒዩተሩ ከአንድ ሜትር ባነሰ ርቀት፥ በመካከል ምንም ሳይኖር ማስቀመጥ፤ በዩኤስቢ የተሰኩትን አንድ በአንድ መንቀል፤ ዋይፋዩ በ5 ጊጋኸርዝ መሥራት ከቻለ ወደዚያ መለወጥ፤ ሰሌዳው በትንሽ የዩኤስቢ መቀበያ የሚሠራ ከሆነም መቀበያውን በአጭር መቀጠያ ገመድ ከኮምፒዩተሩ ጀርባ ማራቅ።

አንድ እውነተኛ ምሳሌ

በመጽሔታችን ክፍል የምንጠቀምበት ትራክፓድ ዘንድሮ መዝለል ጀመረ። ፎቶግራፍ በገጽ ላይ ስናስቀምጥ ቀስቱ ደርቆ ቆይቶ ወደ ማዕዘን ይወረወር ነበር። በዚያው ሳምንት አንድ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ሰሌዳውን ከሌላ ክፍል ተሸክሞ አምጥቶት ስለ ነበረ፥ «እሱ ጥሎት ነው» የሚል ወሬ ተነሣ። ልጁ አልጣልሁም ቢልም የሚሰማው ጠፋ። ከኮሚቴው አንዳንዶቹም ለወረቀትና ለማተሚያ ከተዋጣው ገንዘብ ላይ አዲስ ሰሌዳ እንዲገዛ ሐሳብ አቀረቡ። ይህ ቢሆን ኖሮ የገጾቹ ቍጥር መቀነሱ፥ የልጁም ስም መጥፋቱ አይቀርም ነበር።

እኔና ሁለት ጓደኞቼ አንድ ቀን እንዲሰጠን ለምነን ደብተር ይዘን ተቀመጥን። ደብተሩን በሦስት ዓምድ ከፈልነው፤ ምን ለወጥን፥ ለምን ያህል ደቂቃ አየን፥ ስንት ጊዜ ዘለለ የሚል ነበር። ፊቱን ጠረግን፤ መዝለሉ አልቀረም። ባትሪውን ሞላን፤ አልቀረም። በገመድ አገናኝተን ብሉቱዙን አጠፋን፤ መዝለሉ ፈጽሞ ቀረ። እንግዲህ ሰሌዳው ወድቆ ተሰብሮ ቢሆን ኖሮ በገመድም አይታዘዝም ነበርና፥ ጥርጣሬያችን ከሰሌዳው ወደ አየሩ ተሻገረ።

ከዚያ በኋላ ብሉቱዙን መልሰን አበራንና በኮምፒዩተሩ ላይ የተሰካውን ሁሉ ቈጠርን። ፎቶግራፎቹ የተቀመጡበት ሃርድ ዲስክ ልጁ ሰሌዳውን ባመጣበት በዚያው ሳምንት የመጣ መሆኑን ያስተዋልነው ያን ጊዜ ነው። ዲስኩን ነቅለን አሥር ደቂቃ ሠራን፤ አንድም አልዘለለም። መልሰን ሰክተን ፎቶግራፍ ማሸጋገር ስንጀምር መዝለሉ ተመለሰ። ይህንኑ ሦስት ጊዜ ደጋገምነው፤ ሦስቱንም ጊዜ ውጤቱ አንድ ዓይነት ሆነ። በመጨረሻም ዲስኩን ከአንድ ሜትር በሚረዝምና ደኅና መሸፈኛ ባለው ገመድ በኮምፒዩተሩ በሌላው ጐን ሰክተን ከሰሌዳው አራቅነው። ከዚያ ወዲህ ጠቋሚው ጸጥ ብሎ ይሠራል።

መምህራችን ደብተሩን ካዩ በኋላ በክፍሉ ፊት አንብበውት ልጁ ከጥፋቱ ነጻ መሆኑን ተናገሩ። አባቶች «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» የሚሉት ተረት በዚህ ቦታ ይሠራል። ማሽኑን መጠየቅ ስለሚከብድ በቅርብ የተገኘውን ልጅ መውቀስ ቀልሎ ነበርና።

ከዚህ ምሳሌ የምንማረው ዋናው ነገር ይህ ነው። በአንድ ሳምንት የሆኑ ሁለት ነገሮች አንዱ የሌላው ምክንያት መስለው ይታያሉ። ልጁም ዲስኩም የመጡት በአንድ ሳምንት ነው። ከሁለቱ የትኛው ምክንያት እንደ ሆነ በወሬ አይለይም፤ የሚለየው ነገሩን ሲያነሡት ሕመሙ ሲጠፋ፥ ሲመልሱት ደግሞ ሲመለስ ነው። ሕመሙን ማጥፋት ብቻ አይበቃም፤ በአጋጣሚ ሊጠፋ ይችላልና። መልሰው ሲጠሩት የሚመጣ ከሆነ ግን ምክንያቱ በእጃችን ገብቷል።

አምስተኛው በር፤ ኮምፒዩተሩ

ጥፋቱ በኮምፒዩተሩ በኩል የሆነ እንደ ሆነ ሥርዓቱ እንደሚከተለው ነው። በመጀመሪያ የተከፈቱትን ብዙ ፕሮግራሞች ዘግቶ ኮምፒዩተሩን አጥፍቶ ማብራት። ቀጥሎ ከብሉቱዙ ዝርዝር ውስጥ ሰሌዳውን አስፍቆ እንደ አዲስ ማገናኘት፤ ይህን ከማድረግ በፊትም ባለ ገመድ ማውስ ማዘጋጀት። ከዚያም የኮምፒዩተሩን ሥርዓተ ፕሮግራም ወደ አዲሱ ማሻሻል። ተንቀሳቃሽ ኮምፒዩተር ከሆነ የራሱ ትራክፓድ በመዳፍ ተነክቶ ገመድ አልባውን እንዳይቀናቀነው መመልከት ያስፈልጋል፤ ብዙ ኮምፒዩተር ሌላ ጠቋሚ መሣሪያ ሲገናኝ የራሱን እንዲተው የሚያዝ ሴቲንግ አለው። እነዚህንም ቢሆን ሁሉንም በአንድ ጊዜ አናድርጋቸው። አራት ነገር በአንድ ጊዜ ለውጦ የዳነ ሰው ከአራቱ የትኛው እንዳዳነው አያውቅም፤ ሕመሙ በተመለሰ ቀን እንደገና ከመጀመሪያው ይነሣል።

ስለ አንድ አደጋ ማስጠንቀቂያ

ወላጆች በተለይ ይህን እንዲያነቡልኝ እለምናለሁ። በተንቀሳቃሽ ኮምፒዩተር ውስጥ ያለው የሊቲየም ባትሪ ሲያረጅ ወይም ሲጎዳ ሊያብጥ ይችላል። ብዙ ጊዜ ባትሪው ከመዳሰሻው ሥር ወይም አጠገብ ስለሚቀመጥ፥ ሲያብጥ መዳሰሻውን ከታች ይገፋዋል፤ ጠቋሚውም ብቻውን ይሄዳል፥ ሳይጫኑትም ይጫናል። መዳሰሻው ከቀድሞው ከፍ ብሎ ቢታይ፥ ክዳኑ አልገጥም ቢል፥ ወይም ኮምፒዩተሩ በጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ ቢወዛወዝ፥ ይህ የሰሌዳ ሕመም አይደለም። ወዲያው ኮምፒዩተሩን ማጥፋት፥ ቻርጀሩን መንቀል፥ ከሚቀጣጠል ነገር ማራቅና ሥራውን ለሚያውቅ ባለሙያ መስጠት ያስፈልጋል። ባትሪውን መጫን፥ መውጋት ወይም በቤት ውስጥ ለማውጣት መሞከር እሳት ሊያስነሣ ይችላል። ራሱን የቻለው ገመድ አልባ ሰሌዳም ቻርጅ የሚደረግ ባትሪ ካለው፥ አካሉ ጐብጦ ከታየ ይኸው ጥንቃቄ ይደረግለት። በዚህ ቦታ ሙከራ የለም፤ ሕመሙን መልሶ መጥራትም የለም።

ማጠቃለያ

እንግዲህ ጠቋሚ በተቅበዘበዘ ጊዜ የምንከተለው ሥርዓት በአጭሩ ይህ ነው። አስቀድመን አካሉ አለማበጡን እናረጋግጥ። ከዚያ የመቅበዝበዙን ዓይነት እንመልከት። ቀጥለን የማያስወጣውን እናስቀድም፤ እጅን ማድረቅ፥ ፊቱን መጥረግ፥ ቻርጀሩን መንቀል፥ ባትሪውን መሙላት። ከዚያ በኋላ በገመድ ሙከራ መንገዱን ሁለት እንክፈለው። ወደ አየሩ ካመለከተን በዙሪያው የተሰኩትን አንድ በአንድ እናንሣ፤ ወደ ኮምፒዩተሩ ካመለከተን እንደ አዲስ እናገናኘው። በሌላ ኮምፒዩተርም፥ በገመድም፥ በደረቅ እጅም፥ በሙሉ ባትሪም ሳይቀር የሚዘል ከሆነ ብቻ ሰሌዳው በእርግጥ ታሟልና ጥገና ወይም ለውጥ ይገባዋል። ያን ጊዜ የምናወጣው ገንዘብ በግምት ሳይሆን በማስረጃ የወጣ ይሆናል።

በየእርምጃው የተደረገውን በደብተር መጻፍ ጊዜ የሚያባክን የሚመስለው ሰው ይኖር ይሆናል። ነገር ግን ትዝታ እንደ ወደደ ይሰብካል፤ ደብተር ግን ያየውን ብቻ ይናገራል። በፊዚክስ ክፍል የምንማረው ሥርዓት፥ ማለትም አንዱን ለውጦ ሌላውን ሁሉ እንዳለ ማቆየት፥ ለፈተና ብቻ የተሰጠ ትምህርት አይደለም። ለተበላሸ ዕቃ፥ ለተጠረጠረም ሰው፥ እኩል ያገለግላል። ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል እንደ ተባለው ሳይመረምር የሚፈርድ ሰው ጥርሱን ያደማል፤ ቀስ ብሎ የሚመረምር ግን ዕቃውንም ወዳጁንም አያጣም።